ቦቃን ለፎቶ ያቆምኩበት ክረምት

የልጅ ልጄ ለእረፍት ከአዲስ አበባ መጥታ ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ሰንብታለች። እኔ ዘንድ ስል ሶፋዬ ላይ ማለቴ ነው እንጂ ዓይኗስ ስልኳ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ውሻ ታሳድጋለች። ታበላዋለች፣ ታጥበዋለች፣ አሁን ደግሞ አንገቱን ቀና አድርጎ መቆም እያስተማረችው ነው። የስልክ ውሾች የቁንጅና ውድድር አለ አሉ፤ በየአገሩ ያለ ሰው ሥዕላቸውን አይቶ ይፈርዳል።

«እማማ፣ እዪው፣ አልቆም አለኝ!» ስትለኝ ልስቅባት ብዬ ተውኩት። እኔም በእሷ ዕድሜ እንስሳ ለፎቶ መቆም አስተምሬአለሁ። የእኔው ግን ዝናብ ሲነካው ይገማ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከአንኮበር ወጣ ብላ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለች መንደር አባቴና እኔ ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ሞታለች። ታላቅ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለተኛውን ክረምት ይዟል። መጀመሪያ ደብዳቤ ይልክልን ነበር፤ ኋላ ግን ቀረ። አባቴ ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም ቤት ውስጥ አንስቶ አያውቅም። እኔ ካነሳሁ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ሆድ ይፍጀው የሚል ሰው ነበር። ለእኔ ግን ጨክኖ የረሳው ይመስለኝ ስለነበር በሆዴ ቂም ይዤበታለሁ። ማታ ሽሯችንን ከአንድ ትሪ ስንበላ የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው።

ወንድሜ ትቶልን የሄደው አንድ ግልገል ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦቃ እንለዋለን። አባቴ፣ ልጄ በሰላም ከተመለሰልኝ ቦቃን ለማርያም ዝክር አርዳለሁ ብሎ ተስሏል። የስለት በግ ደግሞ አይሸጥም፣ ለሌላ በዓልም አይታረድም። ስለዚህ በየበዓሉ ጓደኞቹ ሲያልቁ ቦቃ እየሰፋ፣ ቀንዱም እየተጠማዘዘ ሄዶ መንደርተኛው ቆም ብሎ የሚያየው አውራ በግ ወጣው።

ነሐሴ ላይ የግብርና ልማት ሠራተኛው በዚያ ሲያልፍ አየው።

«ለአብዮት በዓል ደብረ ብርሃን የከብትና የበግ ትርኢት አለ። ይህን በግ ገበሬ ማኅበራችሁ ያቅርበው» አለው አባቴን።

«የስለት ነው።»

«ማን ይወስድብዎታል? ታይቶ ይመለሳል። ያማረው ደግሞ ፎቶ ተነስቶ ጋዜጣ ላይ ይወጣል።»

አባቴ የቦቃን ግንባር ዳበሰና «ይሁን» አለ። ነገሩ ገረመኝ፤ እንቢ ይላል ብዬ ነበር።

እኔን ልቤን ያሞቀው ጋዜጣው ነው። ቆስሎ የተመለሰ አንድ የጎረቤት ልጅ ጦር ሜዳ ድረስ ጋዜጣ እንደሚመጣላቸው፣ እስኪቀደድ እየተቀባበሉ እንደሚያነቡት ሲያወራ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ያቺን ነጭ ግንባር ካየ ያውቃታል። ቦቃ አለመታረዱን፣ ስለቱ እንዳለ መሆኑን፣ እንደምንጠብቀው ያውቃል። ደብዳቤዬ ባይደርሰው ሥዕሉ ይደርሰዋል። ይህን ሐሳቤን ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገረው?

በግ ግን መቆም አይወድም፤ ሣር ካየ አንገቱን ይደፋል፣ ሰው ካየ ይበረግጋል። ወንድሜ ግልገሉን የሚጠራበት ፉጨት ነበረው፤ ረዘም ይልና መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይወጣል። በእኛ አገር ሴት ልጅ አታፏጭም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ከቆላው የሚወጣው ጉም ማሳውን እስኪሸፍነው ጠብቄ ከባቄላው ወዲያ እወስደውና አፏጫለሁ። ቦቃ ማኘኩን ትቶ አንገቱን ቀና፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ወደ መንገዱ ያያል። ያኔ ከመዳፌ ጨው አልሰዋለሁ። ውሎ አድሮ ጨውም ሳያይ ይቆምልኝ ጀመር። መንገዱ ላይ ማንን እንደሚፈልግ አውቃለሁና አንዳንዴ አብሬው ቆሜ አያለሁ። በዚያ ክረምት ከሰው ይልቅ ከበግ ጋር ብዙ አውርቻለሁ።

በበዓሉ ማለዳ በጭነት መኪና ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን። አባቴ የቦቃን ገመድ እንደጨበጠ ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሜዳው በቀይ ባንዲራ ተሞልቷል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ከጫጫና ከመንዝ የመጡት በጎች በሳሙና ታጥበው ነጭ ሆነዋል።

የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ቦቃን እንዳየ ወደደው። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሮጦ ቀንዱን ያዘ። ቦቃ ግን በጩኸቱ ደንብሮ ይዞራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ጀርባውን ይሰጣል።

«አልሆነም፤ ሌላ በግ አምጡ» አለ ፎቶ አንሺው።

ሌላ በግ! ከንፈሬን አሞጥሙጬ ፉጨቱን ልጀምር ስል ሊቀመንበሩ አፈጠጠብኝ።

«አንቺ! ሕዝብ ፊት ታፏጫለሽ? አታፍሪም?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ከንፈሬ ደረቀ። እንደ ምንም ብዬ ብሞክር ትንፋሽ ብቻ ወጣኝ።

ያኔ ከኋላዬ ፉጨቱ ተሰማ። ረዘም ብሎ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ወጣ። ቦቃ ቀጥ አለ፤ አንገቱን ቀና፣ ጆሮውን ወደፊት። ካሜራው ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ እኔ ግን በጉን አላየሁም። ወንድሜ የመጣ መስሎኝ ዞሬ ነበር።

አባቴ ነው። ዓይኑ ሰዎቹን አልፎ የሰሜኑን መንገድ ያያል፤ ከንፈሩ አሁንም እንደ ሞጠሞጠ ነው።

ሰፈራችን ደርሰን ቦቃን ከበረት ካስገባን በኋላ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

«አስካለ፣ ግንባሩ በደንብ ይታይ ይሆን?» አለኝ።

«ይታያል» አልኩት።

ጋዜጣው ወጣ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው አምጥቶ አሳየን፤ ቦቃና ሊቀመንበሩ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ነጩ ግንባር ቁልጭ ብሏል። ወንድሜ አይቶት ይሆን? የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እሱም አልተመለሰም። ቦቃ አርጅቶ በረቱ ውስጥ ሞተ፤ ስለቱ ሳይደርስ ማን ደፍሮ ያርደዋል? አባቴም ተከተለ። ዛሬ በእርጅናዬ ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱና እኔ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እየጠበቅን ለየብቻችን መኖራችን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እንኳ አላወራንም።

ይህን ለልጅቱ ትናንት አጫወትኳት። ስልኳን አስቀምጣ አየችኝ።

«ወንድም ነበረሽ እንዴ?»

ለእናቷ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። የአባቴ ልጅ አይደለሁ!

«ስሙ ማን ነው?»

ልጅቱ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችኝ።

«ይርጋ» አልኳት።