ልጄ በስልክ የመረመረችው ሞተር

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ ከቤቴ አልወጣሁም፤ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ሰው ጥፋቱን እንደዚያ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ ስለማላውቅ ነው።

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ትልቋ ልጄ ሀያት ግን የትንንሽ አውሮፕላኖች ጥገና ቴክኒሻን ናት። እዚህ ስለ አውሮፕላኑ የጻፍኩትን ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ የተሳሳትኩትንም አርማልኛለች።

ፈሪ እናት ነኝ። ልጆቼ ሚኒባስ ሲሳፈሩ እንኳ "ከበሩ ራቅ በሉ" ሳልል አልሸኝም። ሀያት ይህን ሥራ ስትጀምር እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እሷ አትበርም፤ እሷ የነካችው ሞተር ግን ሰው ይዞ ይበራል። ይህ ለኔ ከመብረሩ ይብስብኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጉንፋን ይዟት ቤት ውላለች። የሠራሁላትን ሾርባ መጠጣት ስትጀምር ስልኳ ጮኸ። የሥራ ባልደረባዋ ተስፋዬ ነው። ቤታችን ስለሚመጣ አውቀዋለሁ። በትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ካፒቴን ጋር ወደ ቆላ አገር ሄዶ ነበር። የሄዱት ወልዳ ደሟ አልቆም ያላትን ሴት ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ነው።

ሀያት ላፕቶፗን ለመክፈት ብላ የስልኩን ድምፅ ለቀቀችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

"ሀያትዬ፣ ስክሪኑ አብዷል" አለ ተስፋዬ። "ሴትዮዋን ከመጫናችን በፊት ሞተሩን ስንሞክረው ጉልበቱን ከመቶ በላይ ነው የሚለው። ካፒቴኑ አጠፉት።"

ከአብራሪው ፊት ያለው ስክሪን ሞተሩ ካለው ጉልበት ከመቶ ስንት እየሰጠ እንደሆነ ይናገራል። ከመቶ ካለፈ ወይ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየተጨነቀ ነው፣ ወይ ስክሪኑ ይዋሻል። የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታይም።

ካፒቴኑ ስልኩን ተቀበሉት። ድምፃቸው የትልቅ ሰው ነው። "ልጄ፣ ሴትዮዋ እየደከመች ነው። ልነሳ ወይስ ልተው? አንዱን ንገሪኝ።"

ተነሱ ብትልና ቢወድቁ፣ ቅሩ ብትልና ሴትዮዋ ብትሞት፣ ሁለቱም በልጄ ጫንቃ ላይ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "አላውቅም በይ" አልኳት።

"እማ፣ ካላወቅኩ አላውቅም እላለሁ። ገና መች ጠየቅኩ?" አለችኝ።

ከዚያ ጀመረች። የምትጠይቀው አንድ በአንድ ነው።

"ተስፋዬ፣ ሞተሩ ጠፍቷል?"

"ጠፍቷል።"

"ፕሮፔለሩ ቆሟል?"

"ጠፍቷል አልኩሽ እኮ!"

"እያየኸው ንገረኝ።"

"እያየሁት ነው። ቆሟል።"

"የሞተሩ የአየር ግፊት ስክሪኑ ላይ ስንት ይላል?"

"ሠላሳ አምስት።"

"ድገመው።"

"ሠላሳ አምስት።"

ልጄ ማንኪያውን አስቀምጣ ሳቀች። "ባሕር ውስጥ ሰጥማችኋል እንዴ?"

ሰው እየሞተ ትስቃለች ብዬ ተናደድኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ሞተሩ ሲቆም በውስጡ ያለው አየርና የውጭው አየር ግፊታቸው እኩል ነው። ያ ግፊት ባሕር አጠገብ ሠላሳ ግድም ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ሃያ ሦስት አካባቢ ይሆናል። ሠላሳ አምስት የሚባል አገር የለም። ስክሪኑ ደግሞ ጉልበቱን የሚያሰላው ከዚያ ግፊት ነው።

"እንግዲያው ይምጡ በያቸው!" አልኳት፣ አሁን ደግሞ ተገልብጬ።

"እማ፣ ያወቅኩት ስክሪኑ መዋሸቱን ነው። ሞተሩ ደህና መሆኑን አላወቅኩም።"

ሞተሩን አስነስተው ፍጥነቱን፣ የሚጠጣውን ነዳጅና የዘይቱን ሙቀት እንዲያነቡላት አደረገች። እያንዳንዱን ቁጥር አስደግማ ከላፕቶፗ ጋር አስተያየች። ሁሉም ልክ ነው። የተጣመመው ግፊቱ ብቻ ነው። ሞተሩን እንደገና አስጠፋችና ጠየቀች፤

"ትናንት ቀየርነው ያላችሁኝን የግፊት መለኪያ፣ ሴንሰሩን፣ ማን ነው ያስተካከለው?"

ስልኩ ጸጥ አለ።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር የሚሰማው ዝምታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ "እኔ አይደለሁም" ነው የሚመጣው።

"እኔ ነኝ" አለ ተስፋዬ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ካፒቴን፣ እርስዎም ይስሙኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሞተሩ ጠፍቶ ሃያ ሦስት ሲል፣ መመሪያው ሠላሳ ግድም ስለሚል አሳንሷል ብዬ ሰባት ጨመርኩበት። የመመሪያው ቁጥር የባሕር ጠረፍ መሆኑን ረሳሁት። ለዚህ ነው የቆላው ሃያ ስምንት ሠላሳ አምስት የሆነው።"

"እኔም አለሁበት" አሉ ካፒቴኑ። "ጠዋት ስንነሳ ጉልበቱን ከወትሮው ከፍ ብሎ አይቼ፣ አዲስ ዕቃ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"መመሪያውን የጻፉት ሰዎች እንደኛ ተራራ ላይ አይኖሩማ!" አለች ሀያት። ስድብ የለ፣ ወቀሳ የለ። "በል፣ የጨመርከውን አንሳና ከውጭው አየር ጋር እኩል አድርገው።"

እሱ ሲያስተካክል በኔ ስልክ ለኃላፊያቸው ደውላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፈቀዱ። ሞተሩን እንደገና ሞከሩት። ጉልበቱ ከመቶ በታች፣ ለዚያ አገር በሚገባው ልክ ሆነ።

"ካፒቴን፣ በኔ በኩል ጨርሻለሁ። መነሳቱን እርስዎ ይወስኑ" አለች።

"ሴትዮዋን ጫኑ" ሲሉ ሰማሁ።

እኔ መስገጃዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሀያት በረንዳውና ሳሎኑ መሃል ስትመላለስ ቆየች። እንደኔ ትፈራለች ለካ! ፈርታም ግን ሥራዋን በደንብ ሠርታለች። ከቀትር በኋላ ተስፋዬ ደወለ። ደርሰዋል፤ ሴትዮዋን ሐኪሞች ተቀብለዋታል። መትረፏን ኋላ ሰማን። ስሟን አላውቀውም።

ተስፋዬ እንደተመለሰ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው እንዴት እንደተሳሳተ ነገራቸው አሉ።

"አላባረሩትም?" አልኳት ሀያትን።

"ቢደብቅ ነበር የሚባረረው። እኔ ነኝ ባይል ኖሮ መንስኤውን ስፈልግ እውል ነበር፤ ሴትዮዋም እዚያው ትቀር ነበር።"

በልጄ ኮርቻለሁ፤ የትኛዋ እናት አትኮራም? ከራሴ ጋር ስሆን ግን ቶሎ ትዝ የሚለኝ ያ "እኔ ነኝ" ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ዕቃ ሲሰበር "ማነው?" ብዬ መጮህ ትቻለሁ። በቅርቡ ታናሿ ልጄ ፎዝያ ማድ ቤት ድረስ መጥታ "እማ፣ ቴሌቪዥኑን የጣልኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ለቴሌቪዥኑ ያለቀስኩት እሷ ከወጣች በኋላ ነው።