ለጥሩወርቅ የተጻፈው የዕረፍት ወረቀት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ልናዘዝ ሄጄ፣ ሦስቴም ጾም መግደፌን አውርቼ ተመለስኩ። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበርኩ። ፋብሪካው ሠራተኛ በቀጠረ ቁጥር ልጅ ይጎርፍብናል፤ መምህር ግን የለም። ጥሩወርቅ ለምትባል መምህርት ጠዋት ሰማንያ፣ ከሰዓት ሌላ ሰማንያ ልጅ ሰጠኋት። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ቤቷ ደግሞ አልጋ የያዙ አማቷ አሉ፤ ማገላበጡም ማጠቡም የእሷ ነው። ባሏ አለማየሁ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል።

ራስ ምታት ጀመራት። ሲነስራት መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ታስተምራለች። እኛ የተማርን ነን ባዮች «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ አስሸተትናት። በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ የደም ግፊት ነው፣ አንድ ወር ትረፍ የሚል ወረቀት ጻፈላት። አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ።

አለማየሁ ሲያገባት ሽማግሌ ሆኜ ወላጆቿን የለመንኩት እኔ ነኝ። ባልና ሚስት ሲቸግራቸው ደግሞ ወደ ሽማግሌያቸው ነው የሚመጡት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለችኝ። «እኔ ብነግረው እናቴን መጦር ሰለቸሽ ይለኛል። እህቱን ከገጠር ያምጣልኝ።»

እሺ አልኳት። ግን ኢንስፔክተር ሊመጣ ነበር። እሷ ከቀረች ሁለቱም ክፍል ባዶ ሊሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ዕድገት እጠብቅ ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት፤ ፈቃዱንም ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁባት። በሳምንቱ ስትጠይቀኝ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ነግሬዋለሁ፤ እንግዲህ ቻል አድርጊው ብሏል» አልኳት። ይህ ቃል ከየት መጣልኝ? ማን አስገደደኝ? ማንም።

ከዚያ ወዲህ መታመሟን አንስታ አታውቅም። ባሌ አውቆ ተወኝ ብላ ለእሱም አላነሳችበትም። ኢንስፔክተሩ መጥቶ አመሰገነን። በአምስተኛው ቀን ሰሌዳው ሥር ወደቀች፤ በወደቀች በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ አለማየሁ ደረቱን እየደቃ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪኝ» ይላል። እጁን ይዤ የማባብለው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው እንዲህ የሚቀመጠው?

ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ የእኔም ቤት ሰላም አልነበረውም ብል ውሸት አይሆንም። ግን የእሷ ይብስ ነበር፤ እሷ ማንንም አልገደለችም። አለማየሁን ማረኝ እንዳልለው፣ የምለምንበት አፍ የለኝም። እውነቱን ብነግረው ሚስቱ ጨካኝ ነው ብላው እንደሞተች ያውቃል። ባልነግረውም ይኸው ዕድሜውን በሙሉ ይጠይቀኛል።

በየበዓሉ እየመጣ ይጠይቀኛልና። «ጋሼ፣ ለምን ደበቀችኝ?» ይለኛል። «እንዳትጨነቅባት ብላ ነው» እለዋለሁ። ባለፈው ፋሲካም እንዲሁ አልኩት።