የአባቴ ወገብ

ለወገብ ሕመሜ የታዘዘልኝን እንቅስቃሴ ልሠራ ደባርቅ ቤቴ ውስጥ አጎዛ ሳነጥፍ፣ የበግ ቆዳው ሽታ ዳባት አባቴ ዘንድ ወሰደኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ አጨዳ ውሎ ሲገባ አጎዛው ላይ በደረቱ ይተኛና "ነይ እስኪ፣ ወገቤን እርገጭልኝ" ይለኛል። እጆቼን ዘርግቼ፣ እየተንገዳገድሁና እየሳቅሁ ሞቃት ጀርባው ላይ እመላለሳለሁ።

"ኧረ ወንድሟ ይርገጥዎት! ይቺ ላባ ምን ትፈይድልዎታለች?" ትላለች እናቴ።

"እሷ ስትረግጠኝ ነው የሚለቀኝ።"

ልወርድ ስል "ገና መች ረገጥሽኝና!" ይላል። እውነት መስሎኝ እንደገና እጀምራለሁ። በኋላ ተነሥቶ ይንጠራራል፤ "ከተቀመጥሁ መልሶ ይይዘኛል" ብሎ እጄን ይዞ እስከ ወንዙ ያንሸራሽረኛል።

ዛሬም እንቅስቃሴዬን ሳልጨርስ ትንሿ ልጄ ጀርባዬ ላይ ወጥታ እየሳቀች ተመላለሰች።

"እማ፣ ይበቃሻል? ልውረድ?"

"ገና መች ረገጥሽኝና!"