ጉም የሚጠጣው ተክል

ከዲላ ተነስቼ ቡሌ ስደርስ ነው ፀጉሬ ትዝ ያለኝ። የማገባትን ልጅ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ላገኝ ነው፤ እንደተንጨበረርኩ እንዴት እገባለሁ? መንገድ ዳር ያገኘሁት ፀጉር ቤት ገባሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጭንቅላቴን እንደጨረሰ በመስኮት አየና ማሽኑን አስቀመጠ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ጉም መጣ።»

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጣሳ አንስቶ ወጣ። ግራ ገብቶኝ ጨርቁን ካንገቴ ሳላወልቅ ተከተልኩት። ጣሳው ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ሁለት ቅጠል። ናሚቢያ የሚሠራ ወንድሙ ዘሩን ከበረሃ ልኮለት ነው።

«ባገሩ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ከባሕር የሚመጣ ጉም ነው የሚያኖረው። ዕድሜ ልኩን እነዚሁ ሁለት ቅጠሎች ናቸው፤ ሺህ ዓመት ይኖራል።»

«ታዲያ ውጭ ለምን አትተክለውም?»

«የኛ ዝናብ ያበሰብሰዋል። እስቲ ያዘው፣ እጄ ዛለ።»

ያዝኩት። ግማሽ ጭንቅላቴን ያየ መንገደኛ ሁሉ እየሳቀ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከቅጠሉ መንቀል አቃተኝ። የልጅ ልጆቼን ሁሉ የሚቀብር ሽማግሌ፣ ገና ሕፃን ሆኖ እጄ ላይ ጉም ይጠጣል።

ጉሙ ሲገፈፍ ተመልሰን ገባን። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። የቀጠሮዬም ሰዓት ደርሷል።

የልጅቷ አባት ኮፍያቸውን እንደደፉ በር ላይ ተቀበሉኝና ጭንቅላቴን ረጅም ጊዜ አዩት። 

«አባባ፣ አንድ ተክል…» ብዬ ጀመርኩ።

«ያዝከው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ግባ ልጄ» አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ። የሳቸውም የተቆረጠው ግማሹ ብቻ ነበር።