ኳስ የጨበጠው እግር

ጓደኛዬ ካረፈች በኋላ እዚህ አሜሪካ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር ያለው አፓርትመንቷ ይለቀቅ ስለተባለ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ዕቃውን እንዳካፍላቸው ጠሩኝ። ታማ ሳለች እጄን ይዛ፣ "እንዳይኮራረፉብኝ" ብላኝ ነበርና ሄድኩ።

ድስቱም ብርድ ልብሱም ያለ ጭቅጭቅ አለቀ። ያስቸገረው፣ ጓደኛዬ ለብዙ ዓመት ያስታመመቻቸው አሜሪካዊት አሮጊት የሰጧት ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ባለመሳቢያ ቁም ሣጥን ሲሆን፣ እግሮቹ ኳስ የጨበጠ የአንበሳ ጥፍር ናቸው። ሌላው ጠርዙ በነሐስ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን ነው።

እኔ ሳካፍል አንድ ሕግ አለኝ፤ ታላቅ ዕቃውን ለሁለት ትከፍላለች፣ ታናሽ ትመርጣለች። ያኔ ማንም ማንንም አያታልልም። ታላቋ ባለእግሩን ብቻውን አቆመች። ሣጥኑ ላይ ግን ቴሌቪዥኑን ጨመረችበት።

"ባለእግሩ የእንግሊዝ ነው፣ ሣጥኑ የቻይና ነው። እኩል እንዲሆን ነው" አለች።

ታናሿ ሳታመነታ ባለእግሩን መረጠች።

"አውቃ ነው! ፎቶ ልካ አስገምታለች!" አለች ታላቋ።

"የከፈልሽው አንቺ ነሽ! ሶ፣ ቴሌቪዥኑን የደረብሽው እኔን ልታባብዪበት ነበር?"

"እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱ" አሉኝ። ዕቃውን ሳላውቅ ምኑን እፈርዳለሁ? የጥንት ዕቃ የምትሸጥ ሴት ከጎረቤት ከተማ ከሌዊስቪል አስጠራሁ። ሴትየዋ ገና ሰላም ከማለቷ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ በስልኳ መብራት የባለእግሩን ሆድ ከሥር ታይ ጀመር።

የእኔ እንግሊዝኛ ከገበያ አያልፍም። "በየተራ ተርጉሙልኝ" አልኳቸው። "አንዷ ስትተረጉም ሌላዋ ታርማለች። የጨመረችም የቀነሰችም ከእኔ ጋር ትተያያለች!"

"ቅርጹ የእንግሊዝ ነው፣ የተሠራው ግን ቻይና ነው" አለች ታላቋ፣ ፊቷ እየጠቆረ። "ውስጡ ብል የማያስጠጋ የካፉር እንጨት ነው። እንግሊዝ አገር ቢሠራ ውስጡ ኦክ ወይም ጥድ ይሆን ነበር ነው የምትለው።"

"ጥፍሩስ? እሱ የፈረንጅ አይደለም?" አልኩ።

ታናሿ ሴትየዋን ጠይቃ ሳቀች። "ጥፍሩ መጀመሪያም ከቻይና የሄደ ነው የሚሉ አሉ። ዕንቁ የጨበጠ ዘንዶ ነበር አሉ። እንግሊዞች የአንበሳ አደረጉት፤ ከዚያ ደግሞ ቻይና ሄደው 'እንደዚህ አድርጋችሁ ሥሩልን' ብለው አዘዙ።"

"ታዲያ የማን ነው?" አልኩ።

ዕድሜውን ስጠይቅ ባሰ። ዕቃው ይህ ቅርጽ አውሮፓ ውስጥ ከመለመዱ በፊት ሊሠራ አይችልም አለች። ፋሽኑ ካለፈ በኋላ ግን የቻይና አናጢዎች ሲሠሩት ቆይተዋል። ሴትየዋ መሳቢያውን ስባ ከእጀታው ኋላ የተደፈነ ቀዳዳ አሳየችን፤ እጀታው ስለተቀየረ እሱም አይመሰክርም። ልብስ ሰፊ ከአሮጌ ፎቶ አይቶ ኮት እንደሚሰፋ ማለት ነው አልኩ በልቤ፤ ፎቶው የኮቱን ዕድሜ አይነግርም። የገባኝ ይህ ብቻ ነው።

ሣጥኑም ያው የቻይና ሆነ። በመርከብ ለሚጓዙ ፈረንጆች የተሠራ ነው፤ እጀታው ወደ ውስጥ የገባው ሣጥኖቹ ሲደራረቡ እንዳይጋጭ ነው አለች። "የትኛው ይበልጣል?" ብላት፣ ሁለቱም መልካም ናቸው ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

"ይደገም" አለች ታላቋ። "ሳላውቅ ነው የከፈልኩት።"

እውነቷን ነው። "እሺ፤ አሁን ታናሽ ትክፈል፣ ታላቅ ትምረጥ።"

ታናሿ ቀላች። በሩን በርግዳ የምትወጣ መሰለኝና የእናትየው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እሷ ግን ክፍሉን አይታ አይታ፣ አንድም ነገር ሳትነካ፣ "እንዳለ ነው። ምረጪ" አለች።

ታላቋ ባለእግሩን ዞረችው። ጎንበስ ብላ ጥፍሩን ደባበሰች። ከዚያ ሄዳ ሣጥኑ አጠገብ ቆመች።

"ይሄን።"

"መጀመሪያም የደረሰሽ እሱ ነበር እኮ! ሰው ያስጠራሽኝ ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ያኔ የተረፈው ደርሶኝ ነው፣ እማማ። አሁን የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

"በይ ቴሌቪዥንሽን ልያዝልሽ" አለቻት ታናሿ። "እንዳትሰብሪው ብቻ" አለች ታላቋ። እየተነታረኩ ወጡ።

እኔ ብቻዬን ቀርቼ ጥፍሩን አየሁት። አንበሳ ነው ስል ዘንዶ ይመስላል፤ ዘንዶ ነው ስል አንበሳ። አሁንም አልገባኝም።

"እማማ! በሩን ይያዙልን!" አሉኝ ከውጭ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ።