ቁጢጥ የሚለው አባ ገስግስ

ወንድሜ ኻሊድ ዕረፍት አልፈጠረበትም። ሻይ ቆሞ ይጠጣል፤ ስልክ እየተንጎራደደ ያወራል፤ ደንበኛ መጥቶ እኔ ዋጋ ስናገር እሱ መደርደሪያውን ይዞራል፣ የተደረደረውን ያፈርሳል፣ መልሶ ይደረድራል። እናታችን፣ አላህ ይዘንላት፣ “ይኼ ልጅ ከሆዴም እየሮጠ ነው የወጣው” ትል ነበር። ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ፀጉሩ ከፊት መሳሳት ጀምሯል፤ እግሩ ግን ያው ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃና የልጆች መጫወቻ የምንነግደው ሁለታችን ነን። ሁለታችን ማለቴ ለወጉ ነው። የምነግደው እኔ ታላቅ እህቱ ረሺዳ ነኝ፤ እሱ ሮቦት ይሠራል።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቱ ነው። ያኔ መናኸሪያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ አንዱ ፊልም አልቆ ሌላው እስኪገባ ባለቤቱ ካርቱን ይከፍት ነበር። ከካርቱኖቹ አንዱ ከጃፓን የመጣ ነው። ፎቅ የሚያክል ሮቦት፣ ሰው ደረቱን ከፍቶ ገብቶ እንደ መኪና የሚነዳው፣ ከሰማይ ከሚወርዱ ጠላቶች ጋር ይዋጋል። ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው አልነበረም። “ምን እያሉ ነው?” ብዬ ስጠይቀው “ምን ቸገረሽ፣ አረማመዱን እዪ” ይለኛል። ሌላው ልጅ ወደ ኳሱ ሄደ፤ እሱ እዚያው ቀረ። አሁን ደግሞ በቴሌግራም ቢጤዎቹን አግኝቷል። ከደሴ አለ፣ ከጅማ አለ፣ አንዱማ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ልጅ ድሯል። አንድ ቀን በድምፅ ሲከራከሩ ጠጋ ብዬ ሰማኋቸው፤ በዓለም ላይ የሌሉ ሁለት ሮቦቶች ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል ነው ነገሩ። ምሳቸውን እንኳ አልበሉም።

ሮቦቱን አባ ገስግስን ሲሠራ የወሰደው ከእኔ ሱቅ የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን፣ የብስክሌት ጎማ ሽቦና የእስክሪብቶ ሞላ ነው። ፊቱንና ደረቱን እንደ ካርቱኑ አደረገው፤ ስሙን ግን እንደ ድሮ መኳንንት የፈረስ ስም አወጣለት። መቼም እጁን አልነፍገውም፣ ያምር ነበር። ግን የሚያምር ሮቦት ከቻይናም በካርቶን ይመጣል። የእሱን ልዩ ያደረገው ቁጢጥ ማለቱ ነው። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ እንደ ችካል ይቆማል፣ ሲወድቅ እግሩ ይሰበራል። አባ ገስግስ ግን ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ሳይወድቅ ቁጢጥ ይላል። ይህን ለማግኘት ኻሊድ አንድ በጋ ሙሉ ከብት ተራ እየሄደ ገበሬ ሲቀመጥ ሲያይ ከረመ። ሰዎቹ የፀጥታ ሰው መስሏቸው ቦታ ይቀይሩ ነበር።

“ካርቱኑ ላይ ሮቦቱ ተቀምጦ ያውቃል?” አልኩት።

“አያውቅም።”

“ታዲያ ምን አደከመህ?”

“ሲደክመውስ እትዬ? የሚነዳውስ ሰው በምን ይወርዳል?” አለኝ። ይህን የሚለኝ ቆሞ ዳቦ እየገመጠ ነው።

ከተማው አባ ገስግስን ወደደው። ፈተና ላለፈ ልጅ ይገዛል፣ ለልደት ይገዛል፣ ትልልቆቹም “ለልጄ ነው” እያሉ ለራሳቸው ይገዛሉ። አንድ ዒድ ላይ የአክስታችን ልጅ ፈሐድ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጣ። ፈሐድ መርካቶ ውስጥ ሱቅ አለው፤ መጫወቻ ከቻይና ያስመጣል፤ የእኛንም ዕቃ የሚልክልን እሱ ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ አባ ገስግስን ሲያስቀምጥ፣ ሲያስነሳ፣ ሲስቅ ዋለ። ሲሄድ “ለልጄ አንድ ስጠኝ” አለው። ኻሊድ ከሁሉ የሚያምረውን መርጦ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ግን በዒድ ቀን ማን ያንን ያስባል?

በዓመቱ ከፈሐድ ዕቃ ሲመጣ ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከላይ ኳስ ነው። ከኳሱ ሥር አሻንጉሊት። ከአሻንጉሊቱ ሥር አባ ገስግስ ተደርድሯል፤ ቢጫው ያብለጨልጫል፣ ስሙ በአማርኛ በቀይ ተጽፏል። ኻሊድን ጠራሁት። መጀመሪያ ደስ አለው፣ ሞኝ ነው መቼም። “ቻይና ድረስ ሄዶ መጣ” እያለ አንዱን አውጥቶ ቁጢጥ አስባለው። እንደራሱ ሥራ ተቀመጠለት። ከዚያ ማሸጊያውን ገልብጦ ጀርባውን አነበበ። የፈሐድ ድርጅት ስም አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ስሙም ቅርጹም በሕግ የተመዘገበ ነው፣ መቅዳት ያስጠይቃል ይላል። ማሸጊያውን እንደያዘ ሱቁን መዞር ጀመረ። ደንበኛ ቢገባም አልቆመም።

በማግሥቱ ፈሐድ ራሱ ደወለ። ሰላምታውን አሰማምሮ ሲያበቃ “ኻሊድ፣ የእጅ ሥራውን እንግዲህ ተወው። መብቱ አሁን የድርጅቱ ነው፤ እኔ ዝም ብል ጠበቃዬ ዝም አይልም” አለው። ኻሊድ ስልኩን ዘጋው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የማውቀው አንድ የሕግ ሰው ጋ ወሰድኩት፤ ሰውየውም “ከተማው ሁሉ ስትሸጥ አይቶህ የለም? ክሰሰው፣ ታሸንፋለህ” አለው።

አልሄድም አለ። “የአክስቴን ልጅ ፍርድ ቤት አላቆምም። ሽማግሌ ይየው።”

“ሽማግሌው ምን እንዲያደርግልህ ነው?”

“ፈሐድ ‘ኻሊድ ነው የሠራው’ ይበልልኝ። በሰው ፊት ይበለው። ከዚያ እሱ ይሽጠው፣ እኔ ሌላ አልፈልግም።”

ይህን ብቻ ነበር የፈለገው። እኔ ሰውየው ሱቁን እንዲያጣ፣ መኪናው እንዲቆም እመኛለሁ፤ ወንድሜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይመኛል። እስከ ሽምግልናው ቀን ድረስ ከተማውን በእግሩ ጨረሰው። ሄዶ ይመለሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ እንደገና ይወጣል። ቴሌግራም ላይ ያሉት ወዳጆቹ “አይዞህ” እያሉ ይጽፉለታል፤ እሱ አያነበውም።

ሽምግልናው የተያዘው እኛው ሱቅ ጀርባ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ከእኛ ወገን ሼኽ አብዱረዛቅ፣ ከክርስቲያኖቹ ከብት ነጋዴው አቶ ደመላሽ ነበሩ፤ በሰፈራችን ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት ሁለቱ ናቸው። ፈሐድ በመኪናው መጣ። እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሊያስወጣኝ የደፈረ የለም። የኻሊድን የእጅ ሥራ በርጩማ ላይ አድርገው መሐል አስቀመጡት።

አቶ ደመላሽ አንስተው አገላበጡት። “ምን ይሠራል ይኼ?”

“ቁጢጥ ይላል” አለ ኻሊድ፤ አስቀመጠላቸው።

አቶ ደመላሽ ጎንበስ ብለው አዩት፣ አዩት። “እኔን እያየህ ነው እንዴ የሠራኸው?” አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ፈሐድም ጭምር። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሼኹ ግን ቁርአን አስመጡ። “ኻሊድ፣ ነገሩ አጭር ነው። ‘ይህ ከራሴ ጭንቅላት የወጣ ነው፣ ከማንም አልወሰድኩትም’ ብለህ ማል። ከማልክ ፈሐድ ያንተ መሆኑን በፊታችን ይናገራል።”

ኻሊድ እጁን ዘረጋ። ልቤ እልል ሊል ነው። እጁ ሳይደርስ ቆመ፤ ከዚያ ሰበሰበው።

“አልምልም” አለ።

“ለምን?”

“ፊቱና ደረቱ የእኔ አይደለም። ከካርቱን ነው ያየሁት፣ የጃፓን ነው።”

አላህ ይቅር ይበለኝና እኔ ብሆን እምል ነበር። ጫማዬን አውልቄ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ማን ጠየቀው ስለ ደረት? ፈሐድ እንኳ ያልጠየቀውን?

“የጃፓን የማን?” አሉ ሼኹ።

“አልታወቀም። ሁለት ኩባንያዎች የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባብለው ፍርድ ቤት ናቸው አሉ። ካርቱኑ እንደገና የማይወጣው፣ መጫወቻውም የቆመው ለዚያ ነው። ቴሌግራም ላይ የምናወራው ሁሌ ይኼንን ነው።”

“እነሱም ተጣልተዋል በለኛ” አሉ አቶ ደመላሽ፤ ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

ፈሐድ ተመቻችቶ ተቀመጠ። “እንግዲህ በራሱ አንደበት ተናገረ” አለ።

ሼኹ ወደ እሱ ዞሩ። “አንተስ ትምላለህ?”

“እኔ የተመዘገበበት ወረቀት አለኝ ሼኽ፤ ላሳይዎት።”

“ወረቀትህን ማን ጠየቀህ?” አሉ አቶ ደመላሽ። “አንተን ነው የጠየቅነ። ኸየት አመጣኸው?”

ፈሐድ ቁርአኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ብዙ ነገር የሚደፍር ሰው ነው፤ በሐሰት መማል ግን አልደፈረም። ይህን ልክደው አልችልም።

ሼኹ ቁርአኑን አንስተው ያዙ። “ስለ ብረት ሰው የተጻፈ አላየሁም” አሉ በመጨረሻ። “ስለ ጠፋ ዕቃ ግን ተጽፏል። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ የያዘ ሰው ዓመት ሙሉ ገበያ እየወጣ ያስነግራል። እስከዚያ የእኔ ነው ብሎ አይሸጠውም።”

“በእኛም የባዘነ በሬ እንዲሁ ነው” አሉ አቶ ደመላሽ። “ሁለታችሁም አስነግሩ። ዓመቱ ሲሞላ እንገናኛለን።”

ፈሐድ “እሺ” ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ መርካቶ ውስጥ እየሸጠ መሆኑን ሰማሁ። ደውዬ ስሰድበው “የአዲስ አበባ ገበያ ሌላ ነው እትዬ ረሺዳ” አለኝ። ኻሊድ ግን የእጅ ሥራውን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አንዱን ብቻ በፌስታል ይዞ፣ እውነትም ማስነገር ጀመረ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏችኋል ይኼ ነው። የጃፓን ኩባንያ ሮብ ገበያ መጥቶ ምን ሊሸምት? ድንች? መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ሁሉ ሚኒባስ ይሳፈራል፤ አንዴ ደብረ ወርቅ ነው፣ አንዴ ዲማ ነው፣ ሲመለስ ድምፁ ተዘግቷል። ገበያተኞች ሱቅ እየመጡ “ወንድምሽ ደኅና ነው?” ይሉኝ ጀመር። አጠያየቃቸው ገባኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬም አናደደኝ። እሱ እውነቱን ተናግሮ በየገበያው “የእኔ አይደለም” እያለ ሲዞር፣ ያኛው በመኪናው ይንፈላሰሳል። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። አንድ ረቡዕ ሱቁን ዘግቼ፣ እጁን ይዤ ላመጣው ወደ ሮብ ገበያ ሄድኩ።

ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ገበሬዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከገብሳቸውና ከድንቻቸው ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ኻሊድ በመሐላቸው ቆሞ አባ ገስግስን ከፍ አድርጎ ይዟል። ሰው ከቦታል፤ እኔን አላየኝም።

“የሰማህ ላልሰማ አሰማ” ይላል። “ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ይዣለሁ። ይኼ ፊት የእኔ አይደለም። ይኼ ደረት የእኔ አይደለም። ባለቤቱ ጃፓን አገር ነው ይባላል፤ የሚያውቀው ካለ ይንገረኝ።”

ሳቁ። አንዱ “ስንት ነው?” አለ።

“አይሸጥም።”

ሰውን ገፋ ገፋ እያደረግሁ ወደፊት አለፍኩ። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፤ “ና፣ ወደ ቤትህ፣ በቃኝ” ልለው ነው። በዚህ መሐል ኻሊድ ጎንበስ ብሎ ሮቦቱን ከሻጮቹ ተርታ መሬት ላይ አስቀመጠው። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ክንዱ ጉልበቱ ላይ አረፈ፣ ቁጢጥ አለ።

“ቁጢጡ ግን የእኔ ነው” አለ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። “ይኼን ማንም አላሳየኝም። እኔ ኻሊድ ነኝ የሠራሁት። አይደለም የሚል ካለ አሁን ይናገር።”

የሚስቁት ጠጋ አሉ። ከገብሳቸው ፊት ቁጢጥ ያሉ አንድ ሽማግሌ ሮቦቱን አዩ፣ የራሳቸውን ጉልበት አዩ። “እውነቱን ነው” አሉ ለጎረቤታቸው። “እንደኛ እኮ ነው የተቀመጠ።”

ያን ጊዜ አየኝ። ላመጣው የዘረጋሁት እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ፊቱ ግን እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

“ሰማሽ እትዬ?” አለኝ። “በየገበያው እጠይቃለሁ። እስካሁን አይደለም ያለኝ የለም።”