የክረምቱ ቁጥር

ጡረታ ወጥቼ ወደ ላሊበላ የተመለስኩት ማንም እንዳይፈልገኝ ነበር። የአባቴ ቤት ከካህናቱ ሰፈር ነው፤ ግቢው ጠባብ ቢሆንም በር አለው፣ በሩም ይዘጋል። ባለፈው የነቢያት ጾም መጨረሻ ግን፣ የገና እንግዳ ከተማውን መሙላት ሲጀምር፣ ስልኬ ጠራ። የቀድሞ አለቃዬ ነበሩ። ከዩኒቨርሲቲው ከወጣሁ ወዲህ ደህና ነሽ ወይ ብለውኝ አያውቁም፤ ያን ቀንም አላሉኝም። ተማሪ እልክልሻለሁ፣ ፊልሙ እምቢ ብሏታል፣ እጅሽን አስተምሪያት አሉኝ።

ፊልም የምንለው ከድንች ስታርች የሚሠራ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ነገር ነው። በባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይፈሳል፣ ብረት ይበላል፣ ሲብስም ይቃጠላል። እኛ የምንደክመው በፈሳሹ ፋንታ ደረቅ ነገር ለማስገባት ነበር። ስታርቹን በውሃ አፍልተን የሊቲየም ጨው እንጨምርበትና ሳህን ላይ አፍስሰን እናደርቀዋለን። ከጨው የሚወጡት አዮኖች በዚያ ደረቅ ነገር ውስጥ ማለፍ አለባቸው፤ የሚያልፉት ግን እየተንፏቀቁ ነው። እንዲፈጥኑ ከጢስ የደቀቀ የሲሊካ ዱቄት እንጨምራለን፤ ናኖ የሚሉት እሱን ነው። ዱቄቱ በስታርቹ መሃል ገብቶ እንዳይጠጥር ይከለክለዋል። ሲበዛ ደግሞ ራሱ ተጓጉሎ መንገዱን ይዘጋል፤ ይህን ቀድሜ ያልኩት እኔ ነበርኩ።

በቤተ ሙከራው ድስቱ ላይ የምቆመውም እኔ ነበርኩ። አለቃዬ በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ ያም ሆኖ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንቺ ይሉኛል። ጠዋት ሲገቡ ተማሪዎቹ ፊት «እማማ ገንፎ፣ ዛሬስ ምን አማሰልሽ?» ይሉኛል። ልጆቹ ይስቃሉ። ገና ጸጉሬ አልሸበተም ነበር።

ፊልሙ ሲያምር ግን «እጅሽ ነው» ይሉ ነበር። በአገራችን ጠላዋ ያማረላትን ሴት እጇ ነው ይሏታል፤ እህሉን መምረጧን፣ ጌሾውን መመጠኗን የሚጠይቃት የለም። የእኔም እንደዚያ ሆነ። እጅ ከተባለ ጭንቅላት አይጠየቅም። ጽሑፍ ሲወጣም እጅ ስም የለውም።

አንድ ነሐሴ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። ዱቄት የገባበት ፊልም ከዚያ በፊት አይተነው በማናውቀው ፍጥነት አዮን አሳለፈ። አለቃዬ ከደስታ ብዛት ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታቸው። እኔ መስኮቱን አየሁ፤ ጉሙ መስታወቱን ነክቶት ነበር። ስታርች እርጥበት ይጠጣል። ቁጥሩን ያዘለለው ዱቄቱ ሳይሆን ውሃው ይሆናል፣ አድርቀን፣ ዱቄት የሌለበትንም ጨምረን እንለካ አልኳቸው።

«አንቺ አማስይ» አሉኝ፤ «ማሰቡን ለእኛ ተይው።»

ጽሑፉ ወጣ፤ ተጨበጨበላቸው። ነገሩን ደግሜ ሳነሳባቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። ጡረታ እስክወጣ ጠርሙስ ስረከብና ሳስረክብ ኖርኩ።

ልጅቷ የመጣችው ከወልዲያ መስመር ከምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው፤ የነጋዴ ልጅ፣ ሙስሊም። ጾም ስለነበር ምግብ አላስቸገረንም፤ ምስር ለሁለታችንም ይሆናል። አውቶቡስ ያደከማት መስሎኝ ነበር፤ አድራ ስትነሳም ፊቷ ያው ነው። የአለቃዬን ቁጥር መልሳ ካላገኘች የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ አልፈርምም ብለዋታል። አሥሬ ሠርታ አሥሬ ዝቅተኛ ነው የምታገኘው። ጥፋቱም የእጅሽ ነው ብለዋታል፤ እጅ የላትም ተብላ ነው ወደ እኔ የተላከችው።

መጀመሪያ አላመንኳትም። የእሳቸው ሰው ናት፣ የምናገረውን ይዛ ትሄዳለች ብዬ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ብቻ አጫወትኳት። ፊልሞቿን ግን እርጥበት ከሚመጥጥ ጠጠር ጋር አሽጋ እንደያዘች አየሁ። ንጹሕ ሥራ ነው። እጇ ምንም አልጎደለውም።

ስለዚህ ዱቄት ያለበትን አንድ ፊልም፣ የሌለበትን ሌላ አውጪ አልኳት። በታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ግቢ ውስጥ በትንሿ መለኪያዋ ለካቻቸው፤ ሁለቱም ዝቅተኛ ናቸው። ከዚያ አንድ ድስት ውስጥ ውሃ ያለበት ስኒ አስቀምጬ ፊልሞቹን ውሃው በማይነካቸው ቦታ አንጠልጥዬ ከደንኩት።

ጠዋት መጀመሪያ የለካችው ዱቄት ያለበትን ነው።

«መምህር፣ ቁጥሩ መጣ!» አለች። ሳቋን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ሌላውንም ለኪው።»

ለካችው። ዱቄት የሌለበትም ዘሎ ነበር። ሳቋ ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ወላሂ፣ ታዲያ ዱቄቱ ምንም አይሠራም ማለት ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። አድርቄ እንድለካ አልተፈቀደልኝም።

«እኔስ አሁን ምን ልጻፍ? ያገኘሁትን ብጽፍ አይፈርሙም። የእሳቸውን ብጽፍ ውሸት ነው።»

ፊልሞቹን ሰብስቤ ከጠጠሩ ጋር መልሼ አሸግኩላት።

አለቃዬ ለገና በአውሮፕላን መጡ፤ ስዕለት አለብኝ ብለው። በበዓሉ ማግስት ሦስታችንም በባጃጅ ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወረድን። ልጅቷ ከውጭ ቆየች። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠበጠበው ጸበል ጠርሙሳቸውን እስኪሞላው ቆመው ሲጠብቁ፣ ልጅቷ ሁሉን ነግራቸው እንደነበር ከንግግራቸው ገባኝ።

«እንዲህ እናድርግ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፊልሙን ያኔ በደንብ ሳላደርቅ ነበር የሰጠሁት ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊላት። አንቺ ጡረተኛ ነሽ፣ ምን ይጎድልብሻል? ልጅቷም ትመረቃለች።»

ልጅቷን እንደ ጋሻ አስቀድመው ነው የመጡት። እምቢ ካልኩ መንገዷን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

«ያኔ ነግሬዎታለሁ» አልኳቸው። «አማስይ አሉኝ።»

«አላስታውስም።»

ዋሽተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልዋሹም። እኔ እስከ ጡረታ የተሸከምኩትን ቃል እሳቸው ከበሩ ሳይወጡ ጥለውት ሄደዋል። ለስንት ጊዜ ሳዘጋጀው የኖርኩት ንግግር ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ደከመኝ።

«በእኔ ስም አይጻፍም» አልኩ። «ልኬቱ የተወሰደው በነሐሴ ነው፣ አየሩ እርጥብ ነበር ብላ ትጻፍ። ክረምትን ማንም አይከሰውም።»

ጠርሙሳቸውን ከደኑ። «አንቺ ድሮም አፍሽ...» ብለው ጀመሩና አንድ ቄስ ሲያልፉ ተዉት። መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ «ይሁን» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለቄሱ መለየት በማይቻል ድምፅ።

ስንመለስ ልጅቷ በጽሑፏ ስምዎን ላንሳ ወይ የምትል መስላ አየችኝ፤ አልጠየቀችም፣ እኔም አላልኳትም። የፈለግኩት እኮ ሌላ ነበር። አዳራሽ ሞልቶ፣ እሳቸው ቆመው፣ ያቺ ሴት ነግራኝ ነበር ሲሉ መስማት ነበር የፈለግኩት። እሱ አልሆነም፣ አይሆንምም። እዚህ ስማቸውን ያልጻፍኩት ለክብራቸው ብዬ አይደለም፤ ሲያነቡት ራሳቸውን ያውቁታል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጅቷ ደወለች። ፈርመውላታል። ስለ ነሐሴው አየር የጻፈችውን አነበበችልኝ፤ አጭር ነው፣ ማንንም አይነካም። አንብባ ስትጨርስ የምጠይቀውን ጠየቅኩ።

«ደረቁ ላይ፣ ዱቄት ያለበትና የሌለበት ይለያያሉ?»

«ይለያያሉ መምህር። ዱቄት ያለበት ከፍ ይላል። ልዩነቷ ትንሽ ናት፣ ግን ደጋግሜ ለካኋት፣ አትጠፋም።»

«በዛ አድርገሽ ስትጨምሪበትስ?»

«ይጓጉልና መልሶ ይወርዳል።»

ይህንንም ያኔ ተናግሬው ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።